ግድግዳው የማን ነው?

ጉለሌ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጭቃ ቤቶችን አስተያዩ። አንዱ በኖራ ነጥቷል፤ የሌላው ምርጊት ረግፎ ማገሩ ያፈጣል። ነዋሪውን «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ግን ታሪኩን እንይ።

በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ሲያለብስ ለከተማዋ ቤቶች ቋሚና ማገር ሆነ። በጭድ የተቦካ ጭቃ ይለጠፍበታል። ርካሽ ነው፤ ግን ጥገና ይፈልጋል። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ እየነጠረ የግድግዳውን እግር ስለሚበላው፣ ክረምት ባለፈ ቁጥር መመረግ አለበት።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ለድሃ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግድግዳው ግን ባለቤት አጣ። ቀበሌው በሚሰበስባት ጥቂት ብር ቤቶቹን ሁሉ ማደስ አልቻለም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ማፍሰስ ፈራ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የአዲስ አበባ መንገድ ዳር ሕንፃዎች ቀለም ተቀብተዋል። ቀለም መቀባት ቀላል ነው። በየዓመቱ «እኔ እመርገዋለሁ» የሚል ሰው የሚገኘው ግን ነገም እዚያው ቤት እንደሚያድር እርግጠኛ ሲሆን ነው።