የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፕ ብልሽትና የምድጃው ጥገና

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 እስከ 2010 ዓ.ም. ብዙ ላፕቶፖችን ከሥራ ውጭ ያደረገውን የግራፊክስ ቺፕ ብልሽትና የተፈለገለትን መድኃኒት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ የጥገና ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛ ግን የታሪክ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባ ስሕተት አግኝተንበታል፤ ይኸውም መድኃኒቱ ለጊዜው ስለ ሠራ ብቻ የበሽታው ምክንያት ታወቀ ተብሎ መታመኑ ነው።

ብልሽቱ ሲጀምር በስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም መስመሮች ይወጣሉ፤ ምስሉ ይቆራረጣል፤ በመጨረሻም ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ይጨልማል። ባለቤቶቹም ማዘርቦርዱን ነቅለው በቤታቸው ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ጀመሩ። ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ ይነሣ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንት ወይም ወር በኋላ ግን ተመልሶ ይጠፋል።

ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ የሚከተለው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ፣ ከተወሰኑ ነገሮች በቀር፣ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስ እንዳይገባ ከለከለ፤ ፋብሪካዎችም እርሳስ በሌለው ስታኞ መጠቀም ጀመሩ፤ ይህም ስታኞ ቺፑን ከማዘርቦርዱ ጋር በሚያያይዙት ጥቃቅን ኳሶች ላይ ስለ ተሰነጠቀ ምድጃው አቅልጦ ገጠመው ተባለ። ማብራሪያው ለጆሮ ይጥማል፤ ቁጥሩ ግን አይደግፈውም። የድሮው የቆርቆሮና የእርሳስ ስታኞ በ183 ዲግሪ ሲቀልጥ፣ አዲሱ 217 ዲግሪ ገደማ ሳይደርስ አይቀልጥም። እንግዲህ በ200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ የቀለጠ ኳስ አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ ስንጥቁ የት ነበረ? ቺፕ የምንለው ዕቃ ከላይ ትንሽ የሲሊኮን ቁራጭ፣ ከሥሩም መደብ ያለው ነው። ሲሊኮኑ ተገልብጦ ከመደቡ ጋር የሚያያዘው ከኳሶቹ እጅግ ባነሱ የስታኞ ጉብታዎች ሲሆን፣ ዘዴውን በ1960ዎቹ ያወጣው አይ ቢ ኤም ነው። በጉብታዎቹ መካከል ማጠናከሪያ ሙጫ ይፈስሳል። ሲሊኮኑና መደቡ ሲሞቁ እኩል ስለማይሰፉ፣ ላፕቶፑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጉብታዎቹ ይጎተታሉ። ጋዜጠኛው ቻርሊ ዴመርጂያን በ2008 ዘ ኢንኳየረር ላይ በተከታታይ እንደ ጻፈው፣ የኤንቪዲያ ጉብታዎች አብዛኛው ክፍላቸው እርሳስ የሆነ ቅይጥ ነበሩ፤ ሙጫውም ቺፑ ሲሞቅ የሚላላ ነበረ። እንዲህ ያለ ቅይጥ ከ300 ዲግሪ በታች አይቀልጥም። እርሳስ የሌለው ስታኞ ሲወቀስ፣ የተሰነጠቀው እርሳስ የበዛበት ሆኖ መገኘቱ ያስገርማል! ምድጃው ያደረገው፣ እንደሚመስለን፣ አካሉን በሙቀት አስፍቶ የተለያዩትን ፊቶች ለጊዜው ማገናኘት ብቻ ነው።

ኤንቪዲያ ራሱ ጁላይ 2 ቀን 2008 ለዋስትና ጥገና ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ አስታወቀ። በምክንያትነትም የቺፑንና የመደቡን ቁሳቁስ ደካማነት፣ የላፕቶፖቹን የሙቀት ማስወገጃ አሠራርና የተጠቃሚውን ልማድ አብሮ ጠቀሰ። ላፕቶፕ ከፍቶ መዝጋት እንኳ ከምክንያቶች መቆጠሩ ነው! አፕል መሣሪያዎቹ ደኅና እንደ ሆኑ ከኤንቪዲያ ማረጋገጫ ተሰጥቶት ነበር፤ በራሱ መርምሮ ግን ጂፎርስ 8600ኤም ጂቲ ያለባቸው አንዳንድ ማክቡክ ፕሮዎች ችግሩ ሊደርስባቸው እንደሚችል በኦክቶበር 2008 አመነ፤ በነጻ ለመጠገንም ቃል ገባ።

ከምድጃው የተሻለ ተብሎ የተያዘው ጥገና ቺፑን በሞቃት አየር አንሥቶ ኳሶቹን መለወጥ ነበር። ሥራው ትዕግሥትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ነገር ግን ያው አሮጌ ቺፕ ወደ ቦታው ስለሚመለስ፣ ውስጥ ያሉት ጉብታዎች እንደ ተሰነጠቁ ይቀራሉ። የሚዘልቀው ጥገና በተሻሻለ ቅይጥ የተሠራ አዲስ ቺፕ ማስገባት ነበር፤ ይህም ከፋብሪካው በኩል ካልተገኘ በሠራተኛው ብልኃት የሚሆን አይደለም።

የባለቤቶቹ ክስ በካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2010 በስምምነት አለቀ። የዴልና የአፕል ላፕቶፕ ለነበራቸው ሰዎች ጥገና ተፈቀደላቸው፤ የኤች ፒ ለነበራቸው ግን በምትኩ ዋጋው ዝቅ ያለ የኮምፓክ ላፕቶፕ ተሰጣቸው። ውድ መሣሪያ የነበራቸው ይህ አይመጥነንም ብለው ቢከራከሩም ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም።