ባቡሩ ሲመጣ ገበሬው ምን አገኘ?

ዛሬ ማዳበሪያውን ትተን ስለ ድሮው የጅቡቲ ባቡር ላውጋችሁ። ነገሩ ከምርት ዋጋ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከመሀል አገር ዕቃ ወደ ባሕር የሚወርደው በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ነበር፤ ሳምንታት ይፈጃል። የእንስሳት ኪራይ አለ፣ የነጂ ስንቅ አለ፣ የኬላ ቀረጥ አለ። ይሄን ሁሉ ማን ይከፍላል? ነጋዴው ወደብ ላይ በስንት እንደሚሸጥ ያውቃል፤ የመንገዱን ወጪና ትርፉን ቀንሶ የቀረውን ነው ለገበሬው የሚሰጠው። ስለዚህ እንደ እህል ከባድና ርካሽ የሆነ ነገር ሩቅ አይሄድም። የሚያዋጣው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ ዝባድ ነበር።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው በሐረር በኩል ነበር፤ ተራራው አስቸገረና ሐዲዱ በቆላው አለፈ። ድሬዳዋ በዚያው ተቆርቁራ ትልቅ ከተማ ሆነች። የዘመናት የንግድ ከተማዋ ሐረር ግን ገበያዋ እያየችው ቁልቁል ወረደባት። አያሳዝንም? ከዚያ ገንዘብ አልቆ ሥራው ለዓመታት ቆመና አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

የሐረርጌ ቡና ለሐዲዱ ቅርብ ነበር። የከፋና የጅማው ግን ባቡሩ ጋ ለመድረስ ያው በበቅሎ ብዙ ቀን መጓዝ ነበረበት። ከምዕራብ ደግሞ ብዙው ቡና ጭራሽ በሌላ በር ነው የወጣው፦ ጋምቤላ ወርዶ፣ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን። መርከቡም የሚመጣው በክረምት ወንዙ ሲሞላ ነው። ቡናው የሚለቀመው መቼ እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እስከ ክረምት ማን ያስቀምጠዋል?

ቅርብ የነበረውም ቢሆን ገባር ነበር፤ ከምርቱ ላይ ግብር ይገብራል። በኔ እይታ ባቡሩ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ነጋዴውን፣ ጉምሩኩንና ጣቢያ ያለባቸውን ከተሞች ነው። ሞጆን፣ አዳማን፣ አዋሽን ተመልከቱ። ገበሬው ጋ ጥቅሙ የሚደርሰው ከማሳ እስከ ጣቢያ መንገድ ሲኖር ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ከጀመረ ዓመታት ሆኑት። እናንተ ጋ አንድ ኩንታል ከማሳ እስከ ገበያ በስንት ብር ይጫናል? በአህያ ወይስ በባጃጅ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።