«መልሕቅ» ወይስ «ውስወሳ»? በሐብለ ሠረሠር አጠገብ ለጊዜው የሚቀመጥ ሽቦ ስለሚያዝበት ቃል

ኮረንቲን ለሕመም ማስታገሻ የማዋል ታሪክ ሲጻፍ የአገራችን ስም የሚነሣው በሐኪም ብዕር ሳይሆን በመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብዕር ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ፣ ሐበሾች በየሦስትና በየአራት ቀኑ የሚመላለስ ንዳድን በሚነዝር ዓሣ እንደሚያክሙ ይገልጻል። እንደ እርሱ አገላለጽ በሽተኛው በገበታ ላይ ጠብቆ ይታሰራል፤ ዓሣው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ይደረጋል፤ ብርቱ ሕመምም በመላ አካላቱ ይሰማዋል፤ ከዚያ ወዲያ ንዳዱ አይመለስበትም። ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ ካወቀው አብዛኛውን የተማረው እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ ከሄዱት ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር። ይኸው ሊቅ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ማሳተሙን የዚህ መጽሔት አንባቢ ያውቀዋል።

ሮማዊው ስክሪቦኒዩስ ላርጉስም በመጀመሪያው ምእት ዓመት ስለ ራስ ምታትና ስለ ሪህ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። ከዚህ ታሪክ እኔን የሳበኝ ግን ዓሣው አይደለም፤ ማሰሪያው ነው። ነዛሪውና ተነዛሪው ከተገናኙበት ቦታ እንዳይላቀቁ ያን ጊዜ የሚታሰረው በሽተኛው ነበር። ዛሬ የሚታሰረው ሽቦው ነው፤ አማርኛችን የተቸገረውም በዚህ ማሰሪያ ላይ ነው።

የዛሬው ሕክምና መነሻ እ.ኤ.አ. በ1965 ሜልዛክና ዎል ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ሕመም ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በሐብለ ሠረሠር ውስጥ እንደ በር ያለ ነገር ያልፋል፤ በሩንም ሌላ ስሜት ሊዘጋው ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ኖርማን ሺሊ በካንሰር ሕመም ለሚሠቃይ ሰው በሐብለ ሠረሠሩ ላይ ኮረንቲ የሚሰጥ መሣሪያ አኖረ፤ መሣሪያውን የነደፈው ቶማስ ሞርቲመር የተባለ የምሕንድስና ተማሪ ነበር። ያን ጊዜ አከርካሪውን በቀዶ ጥገና መክፈት ግድ ነበር። በ1970ዎቹ ግን ቀጭን ሽቦን በመርፌ ቀዳዳ አሳልፎ ከሐብለ ሠረሠር ሽፋን ውጭ ባለው ክፍተት ማኖር ተለመደ፤ የሙከራ ጊዜ የሚባለውም ከዚህ ጋር ተስፋፋ። ሽቦው ለጥቂት ቀናት፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ ጫፉ ከቆዳ ውጭ እንደ ወጣ ይቆያል፤ ኮረንቲውንም በወገብ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ይሰጠዋል። ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ ቋሚው መሣሪያ ይተከላል፤ ካልቀነሰ ሽቦው ተስቦ ይወጣል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

እንግዲህ ፍርዱ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሰጥ ነው። ሽቦው ጥቂት ሚሊሜትር ፈቀቅ ቢል ንዝረቱ ከሚያመው ቦታ ወጥቶ ወደ ጎድን ወይም ወደ ሌላው እግር ሊሄድ ይችላል። ቋሚው ሽቦ ከቆዳ በታች ካለው ጠንካራ ሽፋን ጋር በልዩ ማያዣ ይሰፋል። የሙከራው ሽቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በቆዳ ላይ በሚጣል የክር ስፌትና በፕላስተር ብቻ ነው። ሲሳብ ኃይሉ እስከ ውስጥ እንዳይደርስም ከቆዳው ውጭ ያለው ሽቦ በቀለበት ተጠቅልሎ ላላ ብሎ ይታሸጋል። በሽተኛው እንዳይጎነበስ፣ ወገቡን እንዳይጠመዝዝ፣ እጁን ከራሱ በላይ እንዳይዘረጋ የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በባሕር ማዶ የሚሠራ አንድ አስተርጓሚ ለበሽተኞች የሚሰጥ የአማርኛ ወረቀት ላከልኝ። ወረቀቱ የተሰጣቸው ልጆቻቸው ዘንድ የሚኖሩ አንድ የግሼ ሽማግሌ ነበሩ። «ሽቦው በመልሕቅ ተይዟል፤ እርስዎም አይጎንበሱ» ይላል። ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ አሉ፤ ንዝረቱም ከወገባቸው ጠፋ። ሙከራው «አልሠራም» ተብሎ ተዘጋ። አስተርጓሚው ለምን እንደ ጎነበሱ ቢጠይቃቸው «ተይዟል ብላችሁኝ የለም ወይ?» አሉት። ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ፤ እኔ ግን በሽማግሌው አልፈርድም።

«መልሕቅ» ጥሩ የግእዝ ቃል ነው፤ በሐዋርያት ሥራና በዕብራውያን መልእክት ውስጥም ይገኛል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ መርከብ በማያውቅ አገር ቃሉ የሚሰማው ከመጽሐፍ ብቻ ስለሆነ፣ የማይነቃነቅ ተስፋን እንጂ ብረትና ገመድን አያሳስብም። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ እንግሊዝኛው ራሱ ቋሚውንና ጊዜያዊውን አያያዝ በተለያየ ቃል ሲጠራ ተርጓሚው ሁለቱንም «መልሕቅ» ማለቱ ነው። በሙከራው ጊዜ መልሕቅ የለም። ወረቀቱ የሌለውን ነገር አለ ብሏል።

ስለ ሽቦውም በጎን አንድ ነገር ልጨምር። «ሊድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ዐይነት ፊደል ሲጻፍ አንድም መሪ፣ አንድም እርሳስ ነው። «በጀርባዎ ውስጥ እርሳስ እናስገባለን» የሚል ትርጉም በዐይኔ አይቻለሁ። «መሪ» የሚለውም ቢሆን ሰው ያስመስለዋል። ሕዝቡ «ሽቦ» ይላል፤ ይበቃል።

የቃላት ስያሜ የተለመደው ሥርዓት አስቀድሞ በሕያው ቋንቋ መፈለግን፣ ቀጥሎ ወደ ግእዝ መሄድን፣ በመጨረሻም መዋስን ያዛል። መንዝ በብዙ ቦታ 3000 ሜትር የሚደርስ ወይም የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ በጉ በጠጉሩ የታወቀ፣ ባናና በርኖስ የሚሠራበት ብርዳም አገር ነው። የማሰርና የመስፋት ቃል ከዚህ አገር ይታጣል ማለት ዘበት ነው። ድንኳን በካስማ ይወጠራል፤ በቅሎ በችካል ትታሰራለች፤ ድር ከሸማኔው ራቅ ብሎ በተተከለ እንጨት ላይ ይያዛል። ቋሚውን አያያዝ «ካስማ» ብንለው ባላገሩ ወዲያው ይረዳዋል፤ ካስማ ገመድ ይይዛል፤ «ሐብል» የሚለው የግእዝ ቃልም ገመድ ማለት ነውና «ሐብለ ሠረሠር» ከሚለው ስያሜ ጋር ይስማማል።

ለጊዜያዊው ግን ካስማም ችካልም አይሆኑም፤ ሁለቱም የተተከሉ ናቸውና። እዚህ ላይ የሚያገለግለን «ወሰወሰ» ነው። ልብስ ሰፊ ሁለቱን ጨርቅ አጋጥሞ በረጃጅሙ ይወሰውሳል፤ ልኩን አይቶ ከወደደው አጥብቆ ይሰፋዋል፤ ካልወደደው ክሩን ይመዘዋል። የሙከራው ሽቦ ታሪክ ከዚህ አንዳች አይለይም፤ ለመመዘዝ ታስቦ የተያዘ፣ ልኩ እስኪታይ ብቻ የሚቆይ ነው። የተወሰወሰ ልብስ ለብሶ እንጨት የሚፈልጥ የለም፤ ስለዚህ «አይጎንበሱ» የሚለው ምክር በራሱ በቃሉ ውስጥ አለ። «ጥብቅ አያያዝ» የሚል ሐሳብ ያቀረቡ ባልደረቦች ነበሩ። ወጌሻ ስብራትን ከልክ በላይ አጥብቆ ሲያስር እጅና እግር እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ የታወቁ ናቸውና ባላገሩ «ጥብቅ» ሲባል ቢፈራ አይፈረድበትም።

የሽቦውን ከቦታው መልቀቅም ወረቀቱ «ስደት» ብሎታል። ሽቦ አይሰደድም፤ ፈቀቅ ይላል። ለአስተርጓሚው የላክሁለት የታረመ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይነበባል፦ «ሽቦው ለሙከራ ተወስውሷል እንጂ አልተሰፋም። ከጎነበሱ ወይም ከተጠማዘዙ ፈቀቅ ይላል። ንዝረቱ ቦታውን ከለወጠ በዚያው ሰዓት ይንገሩን።» ወረቀቱ በዚሁ ቃል እንደገና ታትሟል።