ድንበሩን ያውቁት ነበር ወይ?

አያቴ የቢቸና ሰው ናቸው፤ እኔ ያደግሁት የጁቤ። ክረምት ቤታችን ሲከርሙ እሳት ዳር የሚያወሩን የ1960 ዓ.ም.ን አመፅ ነበር። ወሬው የሚጀምረውም የሚያልቀውም በአንድ ሰው ነው፤ በጎጃም ጠቅላይ ገዥ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ። እኔም ጋዜጠኝነት ስማር የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ አመፅ ላይ ሠራሁና ጥፋቱን ሁሉ በደጃዝማቹ ላይ ጭኜ ተመረቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር 1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። አስራት ይቅር፣ ገበሬው በገቢው ልክ ይክፈል ተባለ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ክፋት የለውም። ጎጃም ግን ማሳ ገማች ሲመጣ ርስቱን ሊወስድ የመጣ ነው የሚመስለው። ዛሬ የገመተ ነገ ይለካል፣ ከነገ ወዲያ ይነጥቃል! (በ1930ዎቹም በመሬት ግብር የተነሳ ጎጃም ሸፍቶ ነበር።) ሞጣና ቢቸና ገማች አናስገባም አሉ። ፖሊስና ነጭ ለባሽ አልበቃ ሲል ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም መጥቶ መንደር በቦምብ ደበደበ። እስቲ አስቡት፣ ጣሊያንን በዱር በገደል የተዋጋ የበላይ ዘለቀ አገር ሰው ቀና ብሎ የገዛ መንግሥቱን አውሮፕላን ሲያይ!

ከዚያ ደጃዝማቹ ከጎጃም ተነሱ። ተነሱ ማለት ተጠየቁ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ከፋን እንዲገዙ ነው የተላኩት። ጃንሆይም ውዝፉን ግብር ማሩ። በእኛ አገር ደም ያፈሰሰ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን ፊት ይንበረከካል። እዚህ ግን አዋጁን ያወጁት ራሳቸው መሐሪ ሆኑ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ደግሞ ተምሮ እጅ ነሳ። አዋጁን ያጸደቀው ምክር ቤትም፣ ቦምብ እንዲጣል ያዘዘውም በደጃዝማቹ ስም ጥላ ሥር ተደበቁ።

ደጃዝማቹ ንጹሕ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ አገሩ ቀድሞም በአስተዳደራቸው ተማርሮ ነበር። ችግሩ ጥላው ሰፊ መሆኑ ነው። ለካ አያቴም እዚያው ሥር ነበሩ።

አምና እናቴ ነገረችኝ። ገማቾቹን እየመሩ የጎረቤታቸውን ማሳ ያሳዩት አባቷ ናቸው። የወሰን ቂም ነበራቸው፤ አንድ ጥማድ የማይሞላውን መሬት ሁለት ጥማድ ነው አሉ። ጎረቤትየው ጫካ ገባ፤ ቤቱም ተቃጠለ።

ክረምት ላይ አያቴ እንደልማዳቸው «ያ ፀሐዩ!» ብለው ሲጀምሩ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ደጃዝማቹ ድንበሩን ያውቁት ነበር ወይ?»

እናቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። አያቴ እሳቱን ሲቆሰቁሱ ቆዩና «እኔ ነበርኩ የማውቀው» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። ጠዋት ግን እናቴን ጠርተው የዚያ ጎረቤት ልጆች የት እንዳሉ ጠየቋት። አንደኛው ሞጣ ነው አሉ።