ዜና መዋዕል ዘባዪ፤ በጨረቃ ጠርዝ ስላለው ታላቅ ጉድጓድ

ለቀንና ለሌሊት ብርሃናትን በሰማይ ባኖረ በእግዚአብሔር ስም እንጀምራለን። ይህ በጨረቃ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ የሚገኘው የባዪ ጉድጓድ ዜና ነው። የጻፍነውም በወላይታ፣ በዱጉና ፋንጎ ወረዳ፣ በዲምቱ ተቀምጠን፣ በዳር ያለ ሁሉ ታናሽ እንዳይባል ነው።

አስቀድመን ልደቱን እንናገር። ከ3.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ በምድር ላይ ሰው ቀርቶ ሣር ሳይበቅል፣ ከሰማይ የመጣ ታላቅ ዐለት ጨረቃን መታ። ጽኑው መሬት እንደ ውኃ ተናወጠ፤ በዙሪያውም እንደ ቅጥር ተራራ ቆመ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሶዶ የሚገባ መንገደኛ የሚጓዘውን ያህል ማለት ነው። ጥልቀቱ ከ4 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ወደ ምድር በዞረው የጨረቃ ፊት፣ ጉድጓድ ተብለው ከተጠሩት መካከል ይህን የሚያህል የለም። ሌሎች ሰፋፊ ጎድጓዳ ስፍራዎች ቅልጥ ዐለት ሞልቶባቸው የቀድሞ መልካቸው ሲጠፋ፣ የእርሱ ወለል ግን አልተዋጠም፤ የጥንቱን ቁስል እንደያዘ ኖረ። በኋላ የወደቁት ድንጋዮች በቅጥሩ ላይ ስላደረጉት ነገር፣ ዘመን የማይነካው የለም ብለን እንለፍ።

ከዚያም ቢሊዮን ዓመታት አለፉ፤ ምስክሩ ድንጋይ ብቻ ነበረ።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 15 ቀን 1736 ለጉድጓዱ ስሙን ያወረሰው ዣን ሲልቫን ባዪ በፓሪስ ተወለደ። በዘመነ መሳፍንት ዋዜማ መሆኑ ነው፤ ወላይታም ካዎ በሚባሉ ነገሥታቷ ትተዳደር ነበር። ይህ ሰው የጁፒተርን ጨረቃዎች የመረመረ፣ የሥነ ፈለክንም ታሪክ የጻፈ ሊቅ ነው። በጁን 20 ቀን 1789 የፈረንሳይ እንደራሴዎች በኳስ መጫወቻ አዳራሽ ተሰብስበው፣ ሕገ መንግሥት ሳናቆም አንበተንም ብለው ሲማማሉ ሰብሳቢያቸው እርሱ ነበረ፤ ቀድሞ የማለም እርሱ ነው። በቀጣዩ ወር የፓሪስ ከንቲባ ሆነ። በጁላይ 17 ቀን 1791 በሻን ደ ማርስ ሜዳ ወታደሮች በሕዝብ ላይ በተኮሱ ጊዜ የሞቱትን ነፍሳቸውን ይማር። በኖቬምበር 12 ቀን 1793 ያው ያከበረው ከተማ አንገቱን ቆረጠው። የሰው ክብር እንዲህ ናት።

በጀርመን አገር በሊሊየንታል ሰማይን ይመለከት የነበረው ዮሐን ሽሮተር የባዪን ስም ለዚህ ጉድጓድ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1813 የፈረንሳይ ወታደሮች ሊሊየንታልን አቃጠሉ፤ የሽሮተርም መጻሕፍት አብረው ነደዱ። በጨረቃ ላይ የጻፈውን ስም ግን እሳት አልደረሰበትም።

ስለ ጨረቃ ጉድጓዶች አፈጣጠርም በሊቃውንት መካከል ክርክር ነበረ። በእኛ በኩል በቢላቴ ወንዝ አካባቢ ያሉት ጉድጓዶች የምድር እሳት ሥራ ናቸው፤ ወደ ላይ የወጣ ቅልጥ ዐለት ከውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ ተከፈቱ። ብዙዎች ይህን የመሰለውን በምድር እያዩ የጨረቃውንም እንዲሁ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካዊው ግሮቭ ካርል ጊልበርት ከላይ በመጣ ዐለት ተመትቶ ነው አለ፤ የሰሙት ጥቂቶች ነበሩ። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰው ጨረቃን ረገጠ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ድንጋዮች ለጊልበርት ፈረዱለት። እውነት ትዘገይ እንደሆነ እንጂ አትቀርም።

ይህ ሁሉ ታላቅነት ሳለ፣ ከምድር ለሚያየው ባዪ ጠቦና ተጨፍልቆ ይታያል፤ በጠርዝ ስላለ በጎኑ ነው የምናየው። ጨረቃ በዑደቷ ጥቂት ወዲህና ወዲያ ስለምትል ግን በጊዜ ብዛት 59 በመቶ የሚሆነው አካሏ ይገለጥልናል፤ እርሱም ወደ እኛ ዘንበል በሚልበት ወር፣ በሙሉ ጨረቃ ዋዜማ፣ ቅጥሩ ብርሃን ይቀበላል። በሰኔ 2001 ዓ.ም. የተላከችው የአሜሪካ መንኮራኩር በላዩ እየዞረች ሥዕሉን አነሣች። ጠባብ የመሰለው ክብ ሆኖ ተገኘ፤ ጉድለቱ የእርሱ አልነበረም፣ የቆምንበት ስፍራ እንጂ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ማለዳ፣ ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች። በላሊበላ ሰማይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆነች፤ በወላይታም በከፊል ተሸፈነች። ያን ቀለበት የቀረጸው የጨረቃ ጠርዝ ነው፤ በዚያች ማለዳ አገር ሁሉ ቀና ብሎ ያየው ጠርዙን ነበረ።