የወጣት ጥፋተኛ ዋስ

ሕግ የሚወጣው ለሰው ኑሮ መቃናት እንጂ ለቅጣት ብቻ አለመሆኑን ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ፣ ስለ ወጣት ጥፋተኞች የተደነገገው ቃል ነው። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ሲያጠፋ ከቤተ ሰቡ፣ ከትምህርቱና ከመንደሩ ሳይለይ፣ ኀላፊነት በወሰደ ሰው እየተጠበቀ እንዲታረም ማድረግ ዛሬ በብዙ አገሮች የታወቀ ሥርዓት ሆኗል። እኛም ይህ ሐሳብ ከወዴት እንደ መጣ፣ በአገራችን ሕግ እንዴት እንደ ገባና እንደ ፍስሐ ገነት ላሉት የጌዴኦ ከተሞች ምን እንደሚጠቅም በአጭሩ ለመግለጽ አስበናል።

በጥንቱ የአገራችን የፍርድ ልማድ ተከሳሽ እንዳይጠፋ የሚጠበቅበት መንገድ ሁለት ነበር። አንደኛው ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ እርስ በርሱ ተቋጥሮ፣ ባለ ዕዳም ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ አብረው ይውሉ ነበር። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለው አነጋገር ይህንኑ ልማድ ያስታውሰናል። ሁለተኛው ዋስ ነው። ዋስ የሆነ ሰው ሰንሰለት አይዝም፤ በዳኛ ፊት ቃሉን ይሰጣል፤ ቃሉ ቢፈርስ ግን ገንዘቡም ክብሩም ይጐዳል። ስለዚህ ተከሳሹ መልካም ሆኖ እንዲገኝ ከማንም በላይ የሚተጋው ዋሱ ነው።

በውጭ አገርም የዚህ ሥርዓት ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ዋስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ጆን አውግስተስ የሚባል ጫማ ሠሪ ወደ ፍርድ ቤት ገብቶ፣ በስካር ለተከሰሰ ሰው ዋስ ሆነ። ሰውየው በቀጠሮው ቀን ጠባዩ ተሻሽሎ ስለ ቀረበ ዳኛው ቅጣቱን አቀለለለት። አውግስተስ በ1859 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ወደ ሁለት ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆነ፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙ ልጆች ነበሩ። ከዚህ በኋላ የማሳቹሴትስ መንግሥት በ1878 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ደመወዝተኛ ሹም እንዲሾም በሕግ ወሰነ። በ1899 ዓ.ም. በቺካጎ የልጆች ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ እንግሊዝም በ1907 ዓ.ም. የራሷን ሕግ አወጣች። አንድ የእጅ ሥራ ባለሙያ በገዛ ፈቃዱ የጀመረው ነገር እንዲህ ሆኖ የመንግሥት ሥራ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታውጆ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዚህ ረገድ ብዙ የታሰበበት ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት የስዊስ አገር ተወላጅ የሆኑት የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው። በዚህ ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት ደግሞ በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞችም ጋር አይታሰርም። ጥበቃ ያጣ ወይም ለብልሹ ጠባይ የተጋለጠ ወጣት ለዘመዶቹ፣ ዘመድ ከሌለው ወይም ዘመዶቹ የማይችሉ ከሆነ ለታመነ ሰው ወይም ለሕፃናት ጥበቃ ለቆመ ድርጅት ይሰጣል። ተቀባዩም የወጣቱን ጠባይ እንደሚጠብቅ በፍርድ ቤት ፊት በጽሑፍ ይፈርማል። ፍርድ ቤቱ ልጁ ትምህርት ቤት እንዲገባ ወይም የእጅ ሥራ እንዲለምድ ሊያዝ ይችላል። አስፈላጊ ሲሆን ጥበቃው ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይቀጥላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግም የልጆች ጉዳይ በዝግ ችሎት፣ ያለ ብዙ ወግ እንዲታይ አዘዘ። እነሆ፣ የጥንቱ ዋስ አዲስ ልብስ ለብሶ በሕጋችን ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያው የ1949ኙ ሕግ እልከኛ ወጣት እስከ 12 በሚደርስ የአርጩሜ ምት እንዲቀጣ ይፈቅድ ነበር። ይህ ቅጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቀርቷል፤ በወገን መካከል የሚደረገው እርማት ግን በአዲሱም ሕግ ጸንቷል። ከዚህም በፊት አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት፣ ልጅን ማሰር የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆንና ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲፈጸም ያዛል።

እንግዲህ ሕጉ ከተሟላ ምን ጐደለ? ቢባል፣ የጐደለው ተቆጣጣሪው ነው። ሕጉ በየአካባቢው ጥበቃውን የሚቆጣጠር አካል እንደሚኖር አድርጎ ይናገራል፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው በየወረዳው ማቆም ሕግ ከመጻፍ የበለጠ ድካም ይጠይቃል። ለረጅም ዘመን በጠባይ ማረሚያነት የታወቀው በአዲስ አበባ በልደታ አካባቢ ያለው ቤት ነው። ዲላ እንኳ ከአዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከፍስሐ ገነት ተነሥታ ልጇን ለመጠየቅ ይህን መንገድ የምትችል እናት ስንት ናት? የታመነ ሰው ካልተገኘ ለዳኛው የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ልጁን ከወገኑ አርቆ መስደድ ወይም ያለ ምንም ጥበቃ መልቀቅ። ሁለቱም ልጁን አያርሙም።

ስለ ጌዴኦ የምንናገረው በዚህ ምክንያት ነው። የጌዴኦ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በባሌ ሥርዓት፣ በአባ ገዳና በሀይቻዎች እየተመራ ኖሯል፤ በየመንደሩም ሶንጎ የሚባል የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ አለው። ቡናውንና እንሰቱን ከትላልቅ ዛፎች ጋር አስማምቶ የሚያለማበት ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለምሳሌ ያህል፣ በለቀማ ወራት አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከሰው ማሳ እሸት ቡና ሰርቆ ተያዘ እንበል። ባለ ማሳው ጐረቤት ነው፤ አስተማሪው ያውቀዋል፤ ሽማግሌዎቹ አባቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። ዳኛው ከእነዚህ መካከል አንዱን አስፈርሞ፣ ትምህርቱን እንዲከታተልና ለባለ ማሳው በአቅሙ እንዲክስ ቢያዝ፣ ልጁ ማንን እንደ በደለ በየዕለቱ እያየ ይታረማል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሽምግልና የፍርድ ቤትን ሥልጣን አይተካም፤ እርቅም የተበዳይን ድምፅ፣ በተለይም የሴት ልጅን አቤቱታ፣ መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። ዋስ የሆነውም ሰው በየጊዜው ሊጠየቅና ሥራውም ሊመረመር ይገባል፤ አለዚያ ፊርማው ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ክቡራን አንባብያን ሆይ! ታሪኩ የሚያስተምረን፣ ወጣትን የሚያርመው የግድግዳ ውፍረት ሳይሆን ስለ እርሱ ቃሉን የሰጠ ሰው መኖሩን ነው። ሕጉ ይህን ሰው ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠራው ኖሯል። መንግሥት ተቆጣጣሪውን ያሠልጥን፤ ዳኛውም ሕጉን ይጠቀምበት፤ እኛም በየመንደራችን «እኔ ዋሱ ነኝ» ብለን ለመቆም እንዘጋጅ።