ዜሮ ያመጣ ልብ

ዜሮ ማምጣት የሚያስመሰግንበት አንድ ፈተና አለ፤ የልብ ፈተና። አሜሪካዊው ሐኪም አርተር አጋትስተን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ዘዴ፣ ልብን በሚመግቡት የደም ሥሮች ላይ የተጋገረው ካልሲየም በሲቲ ስካን ታይቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ዜሮ ከሆነ እሰየው፤ ከ400 ካለፈ ያሰጋል። ዛሬ ምስሉን አንብቦ ነጥቡን የሚሰጥ ኮምፒውተር አለ።

እንግዲህ ይህን ማሽን መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ አቆምነው እንበል። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ለልብስ ስፌት ነው፤ በእንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ማሽን ላይ የሚቀመጡት ደግሞ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ውጤቱን ከአሁኑ እንንገራችሁ፦ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዜሮ! ካልሲየም ዕድሜ ይፈልጋላ።

ደስ ይበለን? ቆይ። የእኛ አገር ወጣት ልብ በሌላ በር ነው የሚጠቃው። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም፣ ሰውነት የገዛ ልቡን ቫልቭ እንዲጎዳ ያደርገዋል። ጉዳቱ ድምፁን አጥፍቶ ይከርምና በሃያዎቹ፣ አንዳንዴም በእርግዝና ወቅት ብቅ ይላል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። የካልሲየም ነጥብ ይህን አይቆጥርም።

ለምን አይቆጥርም? ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ ከ30 እስከ 62 ዓመት የሆናቸው፣ በአብዛኛው ነጭ የሆኑ 5,209 ሰዎች ለጥናት ተመዘገቡ። ስለ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ አደጋ ብዙ የተማርነው ከእነሱ ነው። ጥያቄው ግን የጎልማሳ አሜሪካዊ ጥያቄ ነበር፤ ዓለምንም ዞረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለምን በ21 ቀጣና ከፍሎ ያዘጋጀው የስጋት ሰንጠረዥ እንኳ የሚጀምረው ከ40 ዓመት ነው።

ሌላ ታሪክም አለ፤ እሱ ደግሞ ከፋብሪካ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1953 ስዊድናውያኑ ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ የመርከብ ፋብሪካ ብየዳ የሚፈትሽበትን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ወደ ሰው ደረት አዞሩት። ኤድለርን ያሳሰበው ምን መሰላችሁ? በሩማቲክ የጠበበ ቫልቭ! የዛሬው የልብ አልትራሳውንድ የተወለደው የእኛን ሕመም ፍለጋ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የኡጋንዳ ሕፃናትን የልብ ምስል አይቶ ሩማቲክን የሚለይ የኮምፒውተር ዘዴ በጥናት ታትሟል።

ለመቐለዋ ሠራተኛ የሚበጃት ይህኛው ነው። እሱም ብቻውን አያድንም፤ ሕመሙ የተገኘባት ልጅ በየሦስትና አራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልጋታል። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ፓርኩ ሥራ አቆመ፤ በ2014 ዓ.ም. የአይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መድኃኒት አለቀብን እያሉ ለዓለም ይጮኹ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ማሽኑ በትክክል ቢያነብስ ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ ነገ አንድ ድርጅት «ልብ የሚያነብ ኮምፒውተር ይዤ መጣሁ» ቢለን ሁለት ነገር እንጠይቀው። የማንን ልብ አይቶ ተማረ? ያገኛትን ልጅስ በየወሩ መርፌ የሚወጋት ማን ነው?